ሰው ለምን ይጠጣል? ከመነሻው ጽሑፍ እስከ 17ኛው ምላሽ

ክሩን፣ ማለትም ከአንድ ጽሑፍ ሥር በተራ የተደረደሩ ምላሾች ያሉበትን ውይይት፣ የከፈተው ሰው በድፍረት ነው የጀመረው። ሰው የሚጠጣው ወዶ ነው፣ ጭንቀት፣ ጓደኛ፣ ሥራ የሚባለው ሁሉ ከጠጡ በኋላ የሚለጠፍ ሰበብ ነው አለ። ማንም አፉን በግድ ከፍቶ አያጠጣውም፤ ደስ ካለው ይጠጣል፣ ካላለው ይተወዋል። ቀጥሎ ግን ለራሱ ሐሳብ የማይመች ጥያቄ ጨመረ፤ ክሩን ያስረዘመውም እሱ ነው። ነገሩ ደስታ ብቻ ከሆነ፣ ደስታው እንደቀረ በገዛ አፉ እየመሰከረ የሚጠጣ ሰው ለምን አያቆምም? መላሾች ስብከቱንም የራሳቸውንም ታሪክ ትተው የሚያውቁትን በመጠንና በቁጥር እንዲያቀርቡለት ለመነ። አብዛኛው ሰው ልመናውን አክብሮለታል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ በትሕትና ገባች። ከባለክሩ ጋር ጠብ እንደሌላት፣ ነገር ግን ወዶ የሚለው አንድ ቃል አራት የተለያዩ ፍላጎቶችን እንደደበቀ አስረዳች። መሠረቱን በ1988 የጣሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኮክስና ክሊንገር ሲሆኑ፣ በ1994 ደግሞ ሊን ኩፐር የአራቱን መለኪያ መጠይቅ አወጣች። አከፋፈሉ በሁለት ጥያቄ ይሠራል። የሚፈለገው ነገር ያለው በራስ ውስጥ ነው ወይስ በሰው ዘንድ? የሚጠጣውስ አንድ ነገር ለማግኘት ነው ወይስ ከአንድ ነገር ለመሸሽ? ሁለቱ ሲጣመሩ አራት ምክንያት ይወጣል፤ ሞቅታውን ፈልጎ መጠጣት፣ ጨዋታ ለማድመቅ መጠጣት፣ ጭንቀትን ወይም ሐዘንን ለመርሳት መጠጣት፣ ከሰው ላለመለየት መጠጣት። አንድ ሰው አራቱንም በአንድ ሳምንት ሊያዳርሳቸው ይችላል። አጥብቃ ያሰመረችበት ግን ሦስተኛውን ነው። ለመርሳት የሚጠጣ ሰው፣ መጠኑ ከሌላው እኩል ቢሆን እንኳ፣ መጠጡ ችግር የሚያመጣበት ዕድል ይበልጣል።

ምላሽ 2

ሁለተኛው ተስማማና ምክንያቱን መለያ ሦስት ጥያቄ አቀረበ። ከመጠጣቱ አንድ ሰዓት በፊት ምን ሆኖ ነበር? አጠገቡ ማን አለ? መጠጡ ባይኖር ኖሮ እዚያ ቦታ ይቆይ ነበር ወይ? ለምሳሌ ያመጣው አንድ ባለሙያ ሰው ነው። ሰውየው ጣዕሙን እወዳለሁ ባይ ነው፤ ሆኖም ጠርሙሱ የሚከፈተው በሰው ፊት መናገር ባለበት ቀን ብቻ ሲሆን፣ ንግግር በሌለባቸው ሳምንታት አንዲት መለኪያ እንኳ አይጎድልም። ጣዕም ወዳድ ቢሆን ጠርሙሱ በሌላውም ቀን ይጎድል እንደነበር ጸሐፊው በእርጋታ አመለከተ።

ምላሽ 3

ሦስተኛው ማረሚያ ይዞ መጣ። ሰው የሚሰጠው ምክንያትና እጁን የሚያንቀሳቅሰው ነገር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ አለና የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርላትና ባልደረቦቹ በ1973 ያወጡትን ሙከራ ዘረዘረ። ለተሳታፊዎቹ ቮድካ የተቀላቀለበት ቶኒክ ወይም ባዶ ቶኒክ ቀረበላቸው፤ የተነገራቸው ግን ሁልጊዜ እውነቱ አልነበረም። አልኮል ነው የተባለው ሰው፣ ብርጭቆው ውስጥ ጠብታ አልኮል ባይኖርም፣ ብዙ ጠጣ። ቶኒክ ነው የተባለው ደግሞ ቮድካው ቢኖርበትም በልኩ ቆመ። ይህ በሱስ የተያዙትም ላይ፣ በወግ የሚጠጡትም ላይ ታይቷል። ጥሩ ማረሚያ ነው፤ ጸሐፊው ግን ገመዱን ከሚገባው በላይ ጎተተውና ነገሩ ሁሉ እምነት ነው ብሎ ደመደመ።

ምላሽ 4

ለእኔ የክሩ እምብርት ይህ ነው። ጸሐፊዋ ለሦስተኛው ግማሹን ሰጥታ ግማሹን ወሰደችበት፤ እምነት የመጀመሪያውን ብርጭቆ ያነሳል፣ ከዚያ በኋላ ግን ኬሚስትሪው የራሱን ሥራ ይሠራል ባይ ናት። አልኮል ጋባ የሚባለውን የአንጎል ማረጋጊያ ምልክት ያጎላል፤ ግሉታሜት የሚባለውን የማንቂያ ምልክት ያዳክማል፤ የደስታ ስሜት የሚሰጡት ኢንዶርፊንና ዶፓሚንም እንዲለቀቁ ያደርጋል። አብዛኛው ወደ ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት ነው። ስለዚህ ምግብ የያዘ ጨጓራ መጠጡን ያዘገየዋል፣ በባዶ ሆድ ግን ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የደሙ መጠን ጫፍ ይደርሳል።

ቁም ነገሩ የመውጫውና የመውረጃው ልዩነት ነው። መጠኑ ሲወጣ ሰውየው ይነቃል፣ ይጫወታል፣ ሞቅ ይለዋል። ሲወርድ ይከብደዋል፣ ያንቀላፋል፣ አንዳንዴም ይከፋዋል። በደሙ ያለው መጠን ሲወጣም ሲወርድም በአንድ ነጥብ እኩል ይሆናል፤ ስሜቱ ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ብርጭቆ ሞቅታን ፍለጋ ሲሆን፣ ሦስተኛው የሚወርደውን ሞቅታ ማሳደድ ነው። ጉበት እንደየሰው ቢለያይም በሰዓት 7 ወይም 8 ግራም ገደማ ያቃጥላል፤ ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወርና ሩጫ አያፋጥኑትም። ያለፈው ብርጭቆ ኃይሉ ገና ሳይሰማ ተከታዩ ሲቀዳ ሰው የሚሰክረው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሰው ለምን ጠጣህ ሲባል የሚመልሰው ስለ መጀመሪያው ብርጭቆ እንደሆነ፣ ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ያለው አራተኛው ላይ እንደሆነ ጸሐፊዋ ጠቆመች። ባለክሩ ደስታው ቀርቶም ለምን ይጠጣል ላለው የመጀመሪያው ቀጥተኛ መልስ ይህ ይመስለኛል።

ምላሽ 5 እና 6

አምስተኛው አጭር ጥያቄ ጣለ። ብርጭቆ ብርጭቆ ትላላችሁ፣ ስንት ነው አንዱ? ስድስተኛው በትዕግሥት መለሰለት፤ ደግሞም እንደ እሱ ለማስረዳት የለፋ በክሩ ውስጥ የለም። ሚሊ ሊትሩን በጠርሙሱ ላይ ባለው ፐርሰንት አባዛ፣ ለ100 አካፍል፣ በ0.79 አባዛ፤ የሚወጣው የንጹሕ አልኮል ግራም ነው። 330 ሚሊ ሊትር ቢራ በ5 ፐርሰንት 13 ግራም ይሆናል። 500 ሚሊ ሊትሩ ወደ 20 ግራም ይጠጋል። 60 ሚሊ ሊትር ባለ40 ፐርሰንት መጠጥ 19 ግራም ነው። 200 ሚሊ ሊትር ወይን በ13 ፐርሰንት ከ20 ግራም በላይ ስለሚሆን፣ ቢራ አልጠጣም እኔ ወይን ብቻ ነው የምጠጣው የሚል ሰው ከትልቁ ቢራ ያላነሰ ጠጥቷል ማለት ነው። መደበኛ መጠጥ የሚባለው ልክም እንደየአገሩ ይለያያል፤ በአሜሪካ 14 ግራም፣ በአውስትራሊያ 10፣ በብሪታንያ አንድ ዩኒት 8 ግራም ነው። የአንዱን አገር ምክር በሌላው አገር ቁጥር የሚያነብ ሰው ሳያውቅ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሊጠጣ ይችላል።

ከዚያ በቤት የሚሠራ መለኪያ ሰጠ። ዘወትር የምትጠጣበትን ብርጭቆ አንሳ፤ ዘወትር እስከምትሞላው ድረስ ውኃ ቅዳበት፣ እጅህ እንደለመደው፣ ሳትጠነቀቅ። ከዚያ ውኃውን መስመር ወዳለው መለኪያ ገልብጠህ ቁጥሩን አንብብ። ሰፊ አፍ ያለው የወይን ብርጭቆ 150 መስሎ 220 እንደሚይዝ፣ ታችኛው ወፍራም የሆነ አጭር ብርጭቆም ዓይንን እንደሚያታልል አስጠነቀቀ። ስህተት የሚገባው በግማሽ ላይ ሲጨመርበት ነው፤ ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ካልታየ ቆጠራው እዚያው ይጠፋል።

ምላሽ 7

ይህኛው ከመንገድ ወጣ። ስለ ክብደት አነሳና አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ እንዳለው፣ ጋዝ ያለው መጠጥ ቶሎ ወደ ደም ሊገባ እንደሚችል፣ ኃይል ሰጪ መጠጥ ሲቀላቀልበት ደግሞ ካፌይኑ ድካሙን ብቻ እንደሚሸፍንና ስካሩን እንደማይቀንስ ጻፈ። ትክክል ነው፤ ከጥያቄው ጋር ግን ጉዳይ የለውም። ማንም አልመለሰለትም።

ምላሽ 8

ስምንተኛው ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የሚለውን ተረት ይዞ ገባ። ሰው የሚጠጣው ያልተናገረውን ለመናገር ነው፣ መጠጥ እውነቱን ያወጣል ሲል ተከራከረ። በርካታ ሰዎች ወደዱለት።

ምላሽ 9

የክሩ ድምፅ መለወጥ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ዘጠነኛዋ ተረት ማስረጃ አይደለም ብላ ጀመረች። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ስቲልና ጆሴፍስ በ1990 የጻፉትን ጠቀሰች፤ አልኮል የአእምሮን እይታ ያጠባል፣ ሰውየው የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውንና የሚጮኸውን ነገር ብቻ ይሆናል፣ ራቅ ያለው መዘዝ ይደበዝዝበታል። አጠገቡ ሙዚቃና ሳቅ ካለ ጭንቀቱ ይጠፋል። ብቻውን ከጭንቀቱ ጋር ከተቀመጠ ግን ያው ጭንቀት ብቻውን ሜዳውን ይሞላዋል፤ ለመርሳት የጠጣው ሰው ሲያለቅስ የሚታየው ለዚህ ነው። በስካር የተነገረ ነገር ያን ጊዜ የጎላው ስሜት እንጂ የተደበቀው እውነት ነው ማለት እንደማይቻል፣ በዚህ ተረት የተነሳ የፈረሰ ትዳር እንዳለ ጻፈችለት። ቃሏ ሻካራ ነበር፤ ይዘቱ ግን የክሩን ጥያቄ አንድ እርምጃ አራመደው። ለመርሳት መጠጣት የሚሠራው አእምሮን የሚይዝ ሌላ ነገር አጠገብ ሲኖር ነው ማለት ነው።

ምላሽ 10

ባለክሩ ተመልሶ መጣና አልተበገረም። ይህ ሁሉ ግራምና ኬሚካል የፈቃድ ድክመትን በሳይንስ ማልበስ ነው አለ። እስከዚህ ድረስ እርስዎ ሲባባሉ የነበሩት ሰዎች ከዚህ በኋላ ወደ አንተና አንቺ ወረዱ። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ከባዱ ቁም ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ ብዙ አንባቢ በስድቡ ምክንያት ሳይጨርሰው እንደሚወጣ እገምታለሁ።

ምላሽ 11

የምላሽ 4 ጸሐፊ ናት፣ አሁን ተቆጥታለች። ፈቃድ የምትለውን በአንድ ሌሊት ላይ ላሳይህ አለችና ሰዓት በሰዓት ቆጠረችለት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጀምሮ አራት ባለ330 ሚሊ ሊትር ቢራ የጠጣ ሰው 52 ግራም ወስዷል። በሰዓት 7 ወይም 8 ግራም ሲቃጠል፣ የሚያልቀው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። የሌሊቱ የመጀመሪያ ግማሽ በድን የሆነ እንቅልፍ ነው፤ ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ይታፈናል። አልኮሉ ሲያልቅ ግን አንጎል ሚዛን ለመጠበቅ ያጎላው የማንቂያ ምልክት ብቻውን ይቀራል። ሰውየው ዓይኑ ይፈጣል፣ ልቡ ይመታል፣ አፉ ይደርቃል፤ የሽንት መቆጣጠሪያው ሆርሞን በመጠጡ ታፍኖ ስለነበር ሰውነቱ ውኃ አጥቷል። ጠዋት ያለ ምክንያት ይጨነቃል።

ያ ሰው በማግስቱ ምሽት የሚጠጣው ያን ጭንቀት ለማብረድ ነው። ጭንቀቱን ያመጣው የትናንቱ መጠጥ መሆኑን አያውቅም፤ የሚያውቀው አንድ ብርጭቆ ሲጠጣ እንደሚቀለው ነው፣ እውነትም ይቀለዋል። መጠኑ ቢያድግ፣ ወራት ቢቆጠሩ፣ ሞቅታው እየሳሳ የማንቂያው ምልክት እየጎላ ይሄዳል። ባለክሩ ደስታው እንደቀረ እየመሰከረ የሚጠጣ ሲል የጠየቀበት ሰው ይህ ነው፤ ፈቃዱ አለ፣ የሚመርጠው ግን ከደስታና ከደስታ ማጣት መካከል መሆኑ ቀርቷል።

ምላሽ 12

አስራ ሁለተኛው በቅን ልቦና የጻፈ ይመስለኛል። እንግዲያውስ መፍትሔው ቀላል ነው፣ ዛሬ ማታ ጠርሙሱን መድፋትና ሦስት ቀን በር ዘግቶ መታገሥ ነው አለ።

ምላሽ 13

መልሱ በደቂቃዎች ውስጥ መጣ፤ ክሩ ውስጥ ከዚህ የሰላ የለም። ይህን ምክር አሁኑኑ አጥፋው፣ ሰው ትገድልበታለህ ተባለ። ቁጣው ተገቢ ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ፣ በተለይ ጠዋት እጁን ለማርጋት የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና የልብ ምት መፍጠን ይጀምሩታል። ሰውነትን የሚጥል መንዘፍዘፍ እስከ 48 ሰዓት ሊመጣ ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ደግሞ መቃዠት፣ ትኩሳት፣ የሌለ ነገር ማየትና የደም ግፊት መናር ሊከተል ይችላል፤ ካልታከመ ይገድላል። በር ዘግቶ ሦስት ቀን የተባለው ልክ ይህ አደጋ ያለበት ሰዓት ነው።

ጸሐፊው ጤና ተቋም ውስጥ የሚደረገውንም ነገረ። ቤንዞዲያዜፒን የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት በሐኪም ክትትል እየተሰጠ በቀናት ውስጥ ይቀነሳል። ቫይታሚን ቢ 1 ወይም ታያሚን በመርፌ ይሰጣል፤ ይህም ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ወይም አብሮ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ በቫይታሚኑ እጥረት የተጎዳ አንጎል የባሰ ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንዘፍዝፎ የሚያውቅ ሰው በጭራሽ ቤቱ ውስጥ ለብቻው መሞከር የለበትም። አስራ ሁለተኛው ጽሑፉን አጥፍቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይህን ሳላነሳ ማለፍ አልወደድኩም።

ምላሽ 14

ቁጣው ሲበርድ አንዱ ወደ ጥንት ዘመን ወሰደን። አልኮልን የሚሰባብረው ኤዲኤች 4 የተባለ ኢንዛይም ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሰው፣ በቺምፓንዚና በጎሪላ የጋራ ቅድመ አያት ውስጥ እንደተለወጠና ኃይሉ በብዙ እጥፍ እንደጨመረ፣ ይህም መሬት ላይ የወደቀ የፈላ ፍሬ ከመብላት ጋር እንደሚያያዝ ጻፈ። ደስ የሚል ንባብ ነው፤ የሰው ዘር ለምን መጠጣት እንደቻለ ይነግረናል። አንድ ሰው በአንድ ምሽት አምስተኛውን ለምን እንደሚቀዳ ግን አይነግረንም።

ምላሽ 15

ይህችኛዋ ዘሩን አንስታ ወደ ግለሰቡ አወረደችው። የመንትዮች ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በሱስ የመያዝ ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር ይመጣል። ግን የሚወረሰው ምንድን ነው? አንደኛው መንገድ አልኮልን የመቋቋም ተፈጥሮ ነው፤ ብዙ ጠጥቶ የማይሰማው ወጣት እንደ ጀግና ይታያል፣ ይሁንና ወደፊት የሚያሰጋው እሱ ነው፤ በቃህ የሚለው ምልክት ዘግይቶ ይደርሰዋልና። በተቃራኒው፣ ኤኤልዲኤች 2 የሚባለው ኢንዛይም የማይሠራላቸው ሰዎች አሴታልዲሃይድ የተባለው መርዝ ይጠራቀምባቸዋል፤ ፊታቸው ይቀላል፣ ልባቸው ይመታል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ በዚህም ብዙዎቹ መጠጥ ይርቃሉ። እየቀሉም የሚጠጡት ግን በጉሮሮ ካንሰር ይበልጥ ይጠቃሉ። አልኮል ራሱ ከ1988 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንደኛ ምድብ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት ነገሮች ውስጥ መሆኑን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በጥር 2023 ለጤና የማያሰጋ መጠን የለም ማለቱን አክላ አለፈች።

ምላሽ 16

መድኃኒቶቹ የመጠጣትን ምክንያት ይፈታሉ ያለው ሰው ነው፤ አቀራረቡን ወድጄዋለሁ። ሞቅታውን ፈልጎ ለሚጠጣ ናልትሬክሶን ኢንዶርፊኑ የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚይዝ ሁለተኛው ብርጭቆ እንደ ድሮው አይጠራም፤ ሞርፊን መሰል ማስታገሻ ለሚወስድ ሰው ግን ክልክል ነው። ካቆመ በኋላ እረፍት ለነሳው ደግሞ አካምፕሮሴት አለ፤ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊት ሳይመረመር አይጀመርም። ዲሰልፊራም በ1948 በዴንማርክ ወደ ሕክምና የገባ ሲሆን፣ በምላሽ 15 የተጠቀሰውን ኢንዛይም በመድኃኒት ይዘጋዋል። የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ በኋላም ኃይሉ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫና የሳል ሽሮፕ ሳይቀር ሊያስቸግር ይችላል። ሰውየው ሳያውቅ ምግቡ ውስጥ የሚጨምሩለት ቤተሰቦች እንዳሉ ጠቅሶ፣ ይህ ልብን ሊያቆም የሚችል ወንጀል ነው ብሎ በደማቅ ፊደል ጻፈ። ለጭንቀት የሚጠጣው ሰው ግን ጭንቀቱ ራሱ ካልታከመ ከሦስቱም ብዙ እንዳይጠብቅ አሳሰበ።

ከሰው ላለመለየት ለሚጠጣው ክኒን የለም፤ ለዚህም ሌላ ነገር ሰጠ። ከመግባቱ በፊት ከአንድ ሰው ጋር መስማማት፣ ገና ከበር አልኮል የሌለበትን ብርጭቆ መያዝ፣ ሲጋበዝ አልጠጣም ብሎ ምክንያት አለመደርደር፤ ምክንያት ሲደረደር ጋባዡ አንድ በአንድ ያፈርሰዋልና። ጋባዦችንም ሳልጠይቅ አትቅዱ፣ ግማሽ ላይ አትሙሉ ብሎ ወቅሷቸዋል።

ምላሽ 17

ባለክሩ ለመጨረሻ ጊዜ መጥቶ እርስዎ ማለቱን መልሷል። ሰበብ የሚለውን ቃል ከመነሻው ጽሑፍ ሰረዘና ለ14 ቀን የሚሞላ ሠንጠረዥ ለጠፈ፤ ሰዓቱ፣ መጠኑ በግራም፣ አብሮ የነበረው ሰው፣ ከአንድ ሰዓት በፊት የሆነው ነገር፣ ከአራቱ የትኛው ምክንያት እንደሆነ፣ የሌሊቱ እንቅልፍ። ጠዋት ተነስቶ እንዲሞላም መከረ። የመጀመሪያዋ መላሽ እዚያው ሥር አረመችው። ጠዋት የሚጻፍ ምክንያት እሱ ራሱ መጀመሪያ ያለው ዓይነት ነው፣ ከጠጡ በኋላ የሚለጠፍ። የምክንያቱ ዓምድ ጠርሙሱ ሳይከፈት፣ ግራሙ እያንዳንዱ ብርጭቆ እንደተቀዳ፣ ጠዋት ደግሞ እንቅልፉ ብቻ ይጻፍ አለች። ሠንጠረዡን በዚያው ልክ አስተካክሎ ዳግም ለጠፈው።